ለሐዘንተኛ በእግዚአብሔር ስም መልስ አንስጥ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሰፈር ዕድር በጸሐፊነት የማገለግል ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሥራው ከሌላው አባል ይልቅ ለቅሶ ቤት ያመላልሳል። ድንኳን ሲተከል፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ተቆጥሮ ሲወጣ፣ የቀብሩ ሰዓት ከደብሩ ጽሕፈት ቤት ጋር ሲቆረጥ እዚያው ስለምገኝ፣ ለሐዘንተኛ የሚነገረውን ቃል በየዓይነቱ ሰምቻለሁ። ሰሙነ ሕማማት በቀረበበት በዚህ ሰሞን፣ በየድንኳኑ የምንናገረው ማጽናኛ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሐዘን ከምታስተምረው ምን ያህል እየራቀ እንደሄደ ለአንባቢዎቻችሁ ባመለክት ይጠቅማል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ለቅሶ ለሚደርስ ሰው ልማዳችን ያዘጋጀለት ቃል ጥቂት ነው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይቀመጣል፤ ንፍሮው ሲዞር ይዘግናል፤ ሌላ ሰው ሲገባ ቦታ ይለቃል። አሁን አሁን ግን ይህ የሚያንስ የሚመስለን ሰዎች በዝተናል። «ለበጎ ነው»፣ «እግዚአብሔር የሚወደውን ቶሎ ይወስዳል»፣ «ብታለቅሺ ፈጣሪን ማማረር ይሆንብሻል»፣ «አማኝ ሰው እንዲህ አይሆንም» የሚሉ ቃላት ከድንኳኑ አንድ ጥግ ሳይሰሙ የሚያልፍ ለቅሶ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜማ እንዲያጽናና የተጋበዘ ሰባኪ፣ በጎልማሳነቱ በካንሰር የሞተ ሰው አስከሬን ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ቤተሰቡ በጾምና በጸሎት በርትቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሟቹ ባለቤት ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ሰባኪው ክፉ ሰው ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ዝምታው ከብዶት የሆነ ነገር መናገር እንዳለበት የተሰማው ይመስለኛል። ውጤቱ ግን በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ሆነ።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ የክርስትና እምነት ሐዘንተኛ በእግዚአብሔር ፊት እንዲያለቅስ፣ እንዲጠይቅ፣ ሲብሰውም እንዲሟገት ቦታ ይሰጠዋል፤ አጽናኞች ነን የምንለው ግን ያንን ቦታ እየነጠቅነው ነው። ልጁን ያጣ ሰው ላይ፣ ስለ ልጁ ከፈጣሪው ጋር የመነጋገር መብቱንም ጨምረን እናሳጣዋለን።

በሰፈራችን የአንዲት እናት ልጅ በሊቢያ በኩል ባሕር ሲሻገር ጠፍቶ ቀረ። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፤ መርዶው የመጣው አብሮት ከተሳፈረ ልጅ በስልክ ነው። ድንኳን ተተከለ፤ ፎቶግራፉ ጠረጴዛ ላይ ቆመ። እኚህ እናት የፎቶውን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ «ምነው ጌታዬ፣ ምን በደልኩህ? ሌላው ቢቀር የማለብሰው አፈር እንኳ ትነፍገኝ?» አሉ። ድንኳኑ ተንጫጫ። «ኧረ እትዬ፣ እንዲህ አይባልም! ይቅር በለኝ ይበሉ!» የሚል ቃል ከየአቅጣጫው መጣ። እሳቸውም ዝም አሉ፤ ተጽናንተው ሳይሆን ሆድ ይፍጀው ብለው ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቅዳሴ ሲሄዱ አጸዱ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይገቡም ነበር። የንስሐ አባታቸው ይህን አይተው አልተቆጧቸውም፤ ቅዳሴ ሲወጣ እየመጡ አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን «አባቴ፣ እኔ እግዜርን ልጠይቀው ነው እንጂ ልክደው አይደለም» ቢሏቸው፣ ካህኑ «እኔም የምጠይቀው አለኝ፤ አብረን እንጠይቀዋለን» ብለው መለሱላቸው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው እናትዮዋ ናቸው። ከድንኳኑ ሰው ሁሉ ይልቅ መጽሐፍ ቅዱስን ያወቁት እኚያ ካህን እንደ ነበሩ ለማስረዳት ከመጽሐፈ ኢዮብ ልነሣ።

ስለ ኢዮብ ትዕግሥት ያልተሰበከ ምእመን የለም። «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ፤ የእግዚአብሔር ስም የተባረከ ይሁን» የሚለው ቃሉ በመቃብር ሐውልት ላይ ሳይቀር ይጻፋል። ነገር ግን ይህ ቃል የሚገኘው በምዕራፍ 1 ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ 42 ምዕራፍ አለው። ምዕራፍ 3 ላይ ያው ኢዮብ አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፤ ከዚያም ወዲህ እስከ ምዕራፍ 31 ድረስ፣ ወዳጆቹ በየመካከሉ ይናገሩ እንጂ፣ የሚበዛው የእርሱ ሙግት ነው። ለምን ጠላት አድርገህ ቆጠርኸኝ ይላል፤ ከፈጣሪው ጋር ቆሞ የሚከራከርበት ችሎት ይፈልጋል፤ ወደ ፊት ብሄድ የለም፣ ወደ ኋላም ብመለስ አላየውም ብሎ ያዝናል። ትዕግሥቱን ስናወድስ የኖርነው ሰው ዛሬ ከድንኳናችን ውስጥ ተቀምጦ እነዚህን ነገሮች ቢናገር «ኧረ እንዲህ አይባልም» ብለን አፉን በእጃችን ባልያዝነው?

ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጀመሪያ ላይ ያደረጉት የሚያስመሰግን ነበር። ከየአገራቸው ተቃጥረው መጡ፤ ከሩቅ ባዩት ጊዜ አላወቁትምና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፤ ልብሳቸውን ቀደዱ፤ ሕማሙ እጅግ እንደ በረታ ስላዩም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚህ የበለጠ ለቅሶ የደረሰ ሰው በመጽሐፍ ተጽፎ አላነበብሁም። የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። የተናገሩትም ተራ ክህደት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ፤ እግዚአብሔር ጻድቅን አይጥልም፣ ኃጢአትህን ብትናዘዝ ይመልስልሃል፣ ሁሉን ቻይ አምላክ ፍርድን አያጣምምም ነው ያሉት። ከንግግራቸው ብዙው ተነጥሎ ቢወሰድ ዛሬም ዐውደ ምሕረት ላይ ቢሰበክ የሚቃወመው አይገኝም። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር ኤልፋዝን «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገርን ስለ እኔ አልተናገራችሁም» ብሎ ተቆጣው። ፈጣሪን ወክለው ምክንያት የሰጡት ተገሠጹ፤ ምክንያት ሲጠይቅ የኖረው ቅን ተናገረ ተባለ፤ ይባስ ብሎም ይቅርታ የሚያገኙት እርሱ ሲጸልይላቸው እንደሆነ ተነገራቸው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላም ነገር አለ። አንባቢው ከምዕራፍ 1 ጀምሮ በሰማይ የተደረገውን ንግግር ያውቃል፤ ኢዮብ ግን እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ሲያናግረው ስለ ምድር መሠረት፣ ስለ በረዶ መዝገብ፣ ስለ ሰጎንና ስለ ፈረስ ነገረው እንጂ ልጆችህ የሞቱት በዚህ ምክንያት ነው አላለውም። ኢዮብ መልስ ሳያገኝ የጸናው የሚያናግረውን ስላገኘ ነው። ታዲያ ኢዮብ ያልተነገረውን ምክንያት እኛ ለጎረቤታችን ለመንገር ከየት አመጣነው? በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ በጎቹ ከ7,000 ወደ 14,000፣ ግመሎቹ ከ3,000 ወደ 6,000 ሲያድጉ ልጆቹ ግን እንደ ፊተኛው ሰባት ወንድና ሦስት ሴት ሆኑ እንጂ እጥፍ አልሆኑም። አንዳንድ መምህራን ይህን ሲተረጉሙ፣ የሞቱት እንስሳት ስለ ጠፉ እጥፍ ተተኩ፣ የሞቱት ልጆች ግን በእግዚአብሔር ዘንድ ስላሉ አልጠፉምና የተቆጠሩት ከእነርሱ ጋር ነው ይላሉ። ልጅ በልጅ አይተካም የምትል እናት ከዚህ ትርጓሜ ጋር ጠብ የላትም።

ከመጽሐፈ ኢዮብ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ደግሞ ዳዊት ነው። አስከሬን ባደረበት ቤት ካህናቱ ሌሊቱን ዳዊት ሲደግሙ ያልሰማ የለም፤ ከምስጋናው ጋር የሚደገመው ሮሮ ምን ያህል እንደሆነ ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። በግእዙ ቁጥር 21ኛው መዝሙር «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ ይጀምራል፤ ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ የጮኸው ይህንኑ ነው። ይህ መዝሙር ወደ መጨረሻው ወደ ምስጋና ይመለሳል። 87ኛው ግን አይመለስም፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው ነፍሱ መከራን የጠገበች ሰው ጩኸት ነው፤ የሚያበቃውም ወዳጅና ባልንጀራ ከእርሱ እንደ ራቁ በመናገር፣ በጨለማ ነው። ይህን መዝሙር የሠሩ አባቶች የማጽናኛ መዝጊያ ሳይጨምሩበት ለትውልድ አስተላለፉት፤ በሳምንቱ የጸሎት ክፍፍል ውስጥም ከሌሎቹ እኩል ቦታ ሰጡት። ለሚጸልይ ሰው በእንዲህ ያለ ቃል ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ ከዳዊት ይወጣ ነበር።

በአገራችን ደግሞ ከዚህ የሚጠልቅ ነገር አለ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌ ሊቃውንቱ በማኅሌት ሰቆቃወ ድንግል ያደርሳሉ። ድርሰቱ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ በግብፅ በረሃ የደረሰባትን ስደት፣ ረሀብና ጥም እያነሣ የሚያለቅስ ነው። ሊቁ ሲቆም፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ የሚሰማው ለቅሶ ነው፤ ያውም ልጇ አዳኝ መሆኑን ለምታውቅ እናት። እንደ እኛ አጽናኝ ያለ ሰው በዚያ ቢገኝ «እመቤቴ ሆይ፣ ለበጎ ነውና አታልቅሺ» ይላት ይሆን?

በቢታንያም የሆነው ይኸው ነው። ማርታ ጌታን ገና ከመንደሩ ውጭ ሳለ ተቀብላ የተናገረችው «አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» የሚል ወቀሳ ነው፤ እኅቷ ማርያምም እግሩ ሥር ወድቃ ያንኑ ደገመችው። አልገሠጻቸውም። ለአንዷ ስለ ትንሣኤ ነገራት፤ ከሌላዋ ጋር አለቀሰ። ጥቂት ቆይቶ አልዓዛርን ከመቃብር እንደሚጠራው እያወቀ ያለቀሰ ጌታ፣ ትንሣኤን ማመንና ማልቀስ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ አሳይቶናል።

«ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» የሚለው የሐዋርያው ቃል ሐዘንተኛን ዝም ለማሰኘት ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ እሰማለሁ። ሐዋርያው የከለከለው ተስፋ የሌለው ሰው የሚያዝነውን ሐዘን እንጂ ማዘንን ከሥሩ አይደለም። እርሱ ራሱ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ እንደ ነበር አንሥቶ፣ እግዚአብሔር ማረው፣ በሐዘን ላይ ሐዘን እንዳይጨመርብኝ ለእኔም አዘነልኝ ብሏል። ጓደኛው ቢሞት ኖሮ ሊያዝን ነበር ማለት ነው። «ለበጎ ነው» የምንለውንም የወሰድነው ለሮሜ ሰዎች ከጻፈው መልእክት ምዕራፍ 8 ነው፤ ሐዋርያው ይህን ያለው ስደትን፣ ራብንና ሰይፍን እየዘረዘረ፣ የተገረፈ ጀርባውን ይዞ ነው። ሌላው ሰው ሲያዝን ምን እናድርግ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ ለብቻው ትእዛዝ ሰጥቶበታል፦ «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ»። የመጀመሪያውን ቃል ሐዘንተኛው ራሱ ጊዜው ሲደርስ ይናገረዋል፤ ለእኛ የተሰጠን ሁለተኛው ነው።

እንግዲህ ነገርን በልኩ ማየት፣ ከመከራ ባሻገር ያለውን ተስፋ መያዝ የሚባለው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ይገባልም። ለዚህ ከማንም ስብከት ይልቅ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ የምትሠራው ሥርዓት ይመልሳል። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት ስለማይደረግ፣ የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይደረጋል። ዘንባባውን ጣቱ ላይ እንደ ቀለበት ያሰረ፣ ግንባሩ ላይም የጠመጠመ ጤነኛ ሰው ሁሉ ቆሞ የራሱን የቀብር ጸሎት ይሰማል፤ ሕፃን በጀርባዋ ያዘለች እናትም፣ ሰኞ ሥራ ገቢው ጎረምሳም አለበት። ሞትን በልኩ ማየትን ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው እንግዲህ ለጤነኛው፣ በደኅናው ቀን ነው። እኛ ግን ይህን ትምህርት በደኅናችን ጊዜ ሳንማር እንቆይና፣ ሐዘንተኛዋ መርዶ በተረዳችበት ሰዓት እርሷን ልናስተምር እንቀመጣለን።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት መስቀል መሳለም የለም፣ ሰላምታ የለም፤ ስግደትና ኪርያላይሶን ነው። ዓርብ ዕለት ግብረ ሕማማት ከጠዋት እስከ ማታ ይነበባል፤ እግሩ የዛለ ሽማግሌ ሳይቀር ወገቡን ይዞ ይሰግዳል። ከአንባቢው ጀምሮ በር ላይ እስከ ቆመው ልጅ ድረስ እሑድ ጌታ እንደሚነሣ የማያውቅ የለም፤ ይህን እያወቀ ግን ማንም ከሐሙስ ተነሥቶ ወደ እሑድ አይዘልም። ትንሣኤው ትንሣኤ የሚሆነው ዓርቡ ዓርብ ሆኖ ሲውል ነው። ቤተ ክርስቲያን ለጌታዋ ሞት ይህን ያህል ጊዜ ከሰጠች፣ ልጇን የቀበረች ሴት በሦስተኛው ቀን «በቃ አሁንስ» የምትባልበት ምክንያት አይገባኝም።

በዚህ ላይ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንድንጠቀምበት የሚያስገድድ ነገር አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ አካባቢ ተከስክሶ ተሳፍረው የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሁለቱም በዐቢይ ጾም ውስጥ የደረሱ ናቸው፤ በሁለቱም ጊዜ በየለቅሶው የሰማነው አንድ ዓይነት ማጽናኛ ነው። ነገር ግን ለዓመታት የተከመረ ቆሻሻ ሥር ድኾች ቤት ሠርተው እንዲኖሩ ያደረገው የሰው ውሳኔና የሰው ቸልተኝነት ነው። አውሮፕላኑንም አፍንጫውን ወደ ምድር የደፋው፣ ከተበላሸ ጠቋሚ መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ የተቀበለ ኤምካስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ አምራቹ ቦይንግም ስለዚህ ሥርዓት ተቆጣጣሪዎችን በማታለል ተከስሶ በ2013 ዓ.ም. ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል። ሰው ያጠፋውን በእግዚአብሔር ላይ መደፍደፍ ትሕትና መስሎ ይታያል እንጂ አጥፊውን ከመጠየቅ የሚያድን ሽፋን ይሆናል። «ፍረድልኝ» የሚለው ጸሎት በዳዊት ውስጥ የተደጋገመው በደል ስላለ ነው።

ከዚያ አደጋ በኋላ፣ መጋቢት 8 ቀን፣ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት በባንዲራ የተሸፈኑ 17 ሳጥኖች ባዶ ነበሩ። ለቤተሰቦቹ የተሰጣቸው ከአደጋው ሥፍራ የተዘገነ፣ ተቃጥሎ የጠቆረ አፈር ነው። የቱሉ ፈራ ገበሬዎች ስማቸውን ለማያውቋቸው፣ ቋንቋቸውን ለማይሰሟቸው እንግዶች ወጥተው አለቀሱ። እነርሱ ለማንም ምክንያት አልሰጡም፤ ለቅሶ ደረሱ። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ እጅግ ብዙ ቤተሰብ በጦርነቱ ያለቁ ልጆቹን መርዶ በአንድ ሰሞን ሲረዳ፣ በአማራና በአፋርም ቤተሰብ ልጁ የት እንደ ወደቀ ሳያውቅ ሲያለቅስ፣ ያንን ሁሉ «ለበጎ ነው» በሚል አንድ ቃል ሊያጣፋ የሚደፍር አጽናኝ ካለ ከኤልፋዝ የባሰ ድፍረት አለው።

በሌላ በኩል ሐዘን ልክ ይኑረው የሚሉ ሰዎች የሚናገሩት እውነት አላቸው። ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃት፣ ሰውነትን መሬት ላይ መፈጥፈጥ ቤተ ክርስቲያን የምታወግዘው ነው፤ አባቶች ይህን ሲከለክሉ እንባን አልከለከሉም እንጂ። ሐዘኑ ከጊዜ ብዛት የማይለቀው፣ እህል የማይቀምስ፣ ከአልጋ የማይነሣ ሰው ሲያጋጥምም ጸበሉና ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይገባል፤ ይህን የእምነት ጉድለት አድርገው የሚያዩ ሰዎች በሽተኛውን እየጎዱት ነው። ደግሞም በሐዘኑ ብዛት እምነቱ የተናወጠበት ሰው አለ። ለእርሱም ቢሆን ክርክር አያስፈልገውም፤ እርሱ መጸለይ ሲያቅተው ሌላው ይጸልይለታል፤ ፍትሐትም ተዝካርም የሚባለው ሥርዓት የቆመው አንዱ ለሌላው መጸለይ ይችላል በሚል እምነት ላይ ነው።

ተዝካርን ካነሣሁ አይቀር፣ የቤተ ክርስቲያን የመታሰቢያ ቀናት የሐዘንን ርዝመት ከእኛ በተሻለ ያውቁታል ብዬ አምናለሁ። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት እያለች ትቆጥራለች። (ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀናቸው ክርስትና የሚነሡ በመሆናቸው፣ እነዚሁ ቁጥሮች ሰው ሲመጣም ሲሄድም ይቀበሉታል።) ዕድሮቻችን ድንኳኑን በሦስት ቀን ማንሣት የጀመሩት ወጪ ስለ ከበደ ነው፤ እኔም የእኛን ዕድር ውሳኔ ደግፌ ፈርሜያለሁ፤ ለተዝካር በሬ ጥሎ ዕዳ ውስጥ የሚገባ ቤተሰብ እንዳይኖር መደረጉም ደግ ነው። ነገር ግን ድግሱ ሲቀር ጉብኝቱም አብሮት ቀረ። ድንኳኑ በተነሣ ማግስት ያ ሁሉ ሕዝብ ይበተናል፤ ሐዘኑ ሥራውን የሚጀምረው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት ወቅት፣ ሟች በጥቂት ሰው ተሸኝቶ ቤተሰቡ በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲቀመጥ፣ የጎደለው ስብከት አልነበረም፤ የጎደለው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነበር። በዓረብ አገሮችና በቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የእናቷን መርዶ በስልክ ሰምታ፣ ማታ ትራሷ ላይ አልቅሳ፣ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ለአሠሪዎቿ ቁርስ የምታቀርብ ሴት ልቅሶዋን የሚደርስላት የለም። በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎች ከተሞች ያሉ ወገኖቻችን መርዶ ሲሰማ ንጋት ላይ ተሰብስበው ወደ ሐዘንተኛው ቤት የሚሄዱበትን ልማድ አለመተዋቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ ትልቅ ነገር ነው።

በዕድራችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አባላት አሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወደ ክርስቲያን ለቅሶ ሲመጡ ስለ ሞት ትርጉም ሊያስተምሩን አይሞክሩም፤ ወንበር ይሸከማሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ሲመሽ «አላህ ያጽናችሁ» ብለው ይወጣሉ። በዚህ ጉዳይ እኔ በግልጽ የምቀናባቸው ናቸው።

ከዚህ ተነሥተን በቅርቡ በኮሚቴ አንድ ሐሳብ ተወያይተናል። ድንኳን ከተነሣ በኋላ እስከ አርባው ቀን ድረስ ሁለት ሁለት አባላት በተራ ወደ ሐዘንተኛው ቤት እየሄዱ ቡና አብረው ይጠጡ፤ ሐዘንተኛው ስለ ሟች ማውራት ከፈለገ ያዳምጡ፤ ማልቀስ ከፈለገ ያልቅስ፤ ካልጠየቃቸው በቀር ጥቅስ አይጥቀሱ የሚል ነው። ስብሰባው ላይ ብዙ ያከራከረን ጥቅስ አይጥቀሱ የሚለው ነበር፤ አንድ አዛውንት «ጥቅስ የከለከለ ዕድር ከዚህ በፊት ታይቶ አይታወቅም» ብለው ቢቆጡም፣ የኢዮብን ወዳጆች ሰባት ቀን ስናነሣባቸው «እንግዲያው እስከ ሰባቱ ድረስ ይሁን» ብለው ግማሹን ተቀበሉ። ተራው ደርሶት ያልሄደ አባል ከቀብር እንደ ቀረ ተቆጥሮ ይቀጣ ወይስ በፈቃደኝነት ይሁን የሚለው ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አድሯል። እኔ በበኩሌ ይቀጣ ከሚሉት ወገን ነኝ። በሌሎች ዕድሮች እንዲህ ያለ አሠራር ካለ፣ ጸሐፊዎቻቸው በዚሁ ዓምድ ቢገልጹልን መተዳደሪያ ደንባችንን ከማጽደቃችን በፊት ልናየው እንወዳለን።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ የሰፈር ዕድር ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ